የቅሬው ሬዲዮ

እኛ ሰዎች የምናውቀውን ዕቃ እንጥላለን፤ የማናውቀውን እናስቀምጣለን። እጀታው የተሰበረ መጥበሻ በማግስቱ ከቤት ይወጣል፤ መጥበሻ መሆኑ ይታወቃላ። ከምን ላይ እንደወለቀ፣ ማን እንዳመጣው፣ ለምን እንደሚሆን የማይታወቅ ብረት ግን ከአልጋ ሥር ይገባል፣ ቤት ሲቀየር አብሮ ይጫናል፣ ኋላም ለልጅ ልጅ ይወረሳል። «ምናልባት ይፈለግ ይሆናል» ይባላል። በማን? መልስ የለም። አንዳንዴ ሳስበው የአገሬ ሰው ለዚህ «ምናልባት» ለሚሉት ነገር የሚሰጠውን ክብር ለሹም እንኳ አይሰጥም።

ይህን ስል ራሴን ንጹሕ አድርጌ አይደለም። እኔ አሶሳ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ አስተምራለሁ። ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነቅዬ፣ እዚህ ሙቀት ውስጥ ተመድቤ፣ ትርፍ ጊዜዬን የማጠፋው በአሮጌ ሬዲዮ ነው። በሬዲዮ ብቻ ቢሆንማ ደግ ነበር፤ የኔ ፍቅር ሬዲዮውን በሚቀልበው ዕቃ ላይ ነው። ፓወር ሰፕላይ ይሉታል። ከመስመር የሚመጣውን ኃይለኛ መብራት ተቀብሎ፣ አብርዶና አስተካክሎ፣ ሬዲዮው ሊውጠው በሚችለው መጠን የሚያቀርብ ከባድ ሣጥን ነው። አይዘፍንም፣ ዜና አያነብም። ሰው ለዘፋኙ ያጨበጭባል እንጂ ምሳውን ማን እንዳበላው ይጠይቃል እንዴ? እኔ እጠይቃለሁ። ባለቤቴ ይህን ጠባዬን ለዘመድ ስታስረዳ «አላመመውም፣ እንዲሁ ነው» ትላለች።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሙሳ ልጀምር። ሙሳ የበርታ ሰው፣ የአገሩ ተወላጅ ነው። ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ገባ ብለው ካሉት የሰፈራ መንደሮች በአንደኛው ይኖራል። የመንደሩን ስም አልናገርም፤ ብናገር የሚቀየሙኝ ሽማግሌ አሉ፣ ኋላ ታውቋቸዋላችሁ። ሙሳ አንድ ቀን ወርክሾፔ ድረስ መጥቶ የቅሬው ሬዲዮ መታመሙን ነገረኝ። ቅሬ ማለት ወሎዎች እድርን የሚጠሩበት ስም ነው። የመንደሩ ሰው በደርግ ጊዜ ከወሎ ተጭኖ የመጣ ሰፋሪ ነው፤ ድንኳኑን፣ ድስቱንና ቃሬዛውን የሚያስቀምጠው ግን በሙሳ ቆርቆሮ ቤት ነው። ሲመጡ ውሃው የት እንዳለ ያሳያቸው የሙሳ አባት ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ የቅሬው ንብረት ከዚያ ግቢ ወጥቶ አያውቅም።

የሙሳ አማርኛ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ ሴትና ወንድ አይለይም። «ሬዲዮ ከተናገረ፣ እማማ ጦይባ ያለቅሳል» አለኝ። ወላሂ ብሎ ማለበት ደግሞ። ሬዲዮ ሰምቶ የሚያለቅስ ሰው አውቃለሁ። ለማልቀስ ብሎ ሬዲዮ የሚያስጠግን ግን በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ዕቃዬን በቦርሳ አድርጌ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

ነገሩን እዚያ ስደርስ እማማ ጦይባ ራሳቸው አስረዱኝ። ሰይድ የሚባል ወንድም ነበራቸው። ከወሎ ሲጫኑ አንድ ላይ ተሰልፈው ነበር፤ መኪናው ሞላ ተባለና እሳቸው አሶሳ፣ እሱ መተከል ወረዱ። በዚያን ጊዜ በሰፈራው ቢሮ ውስጥ የመገናኛ ሬዲዮ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጄኔሬተሩ ይነሳል፣ ሣጥኑ ቀይ መብራቱን አብርቶ ያጉረመርማል፣ ቀጥሎ ከሌላው ሰፈራ ስም ይጠራል፤ እገሌ ደህና ነው፣ እገሌ ታሟል፣ እገሌ አርፏል። ሰው ሁሉ ከቢሮው መስኮት ሥር መሬት ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። የሰይድ ስም አንድ ጊዜ ተጠርቷል፤ ደህና ነው ተብሎ። ዳግመኛ አልተጠራም።

ታዲያ ለቅሶውን ማን ከለከላቸው? ሕግ ነዋ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ መተከል የቀረ ሰው ሞተ ተብሎ በወሬ ብቻ ድንኳን ተተከለለት፣ ተለቀሰለት፣ ሰደቃ ተደገሰለት። በሰደቃው ዕለት ሰውዬው ራሱ በጭነት መኪና መጥቶ ከች አለ። ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ፣ ማን እንደሞተ ሳይጠይቅ፣ ቁጭ ብሎ በላ። ከጠገበ በኋላ ጠየቀ ይባላል። ያፈረው ግን እሱ ሳይሆን ቅሬው ነው። ወዲያው ሕግ ወጣ፤ በሩቅ ላለ ሰው፣ ሬዲዮው ሳይናገር ድንኳን አይተከልም። ሬዲዮ እስካለ ድረስ ደግ ሕግ ነበር። ኋላ መንግሥት ተለወጠ፣ ቢሮው ተዘጋ፣ ሠራተኞቹ ወደየመጡበት ተበተኑ። መንደርተኛው ሬዲዮውን አድኖ ሙሳ ቤት አስገባው። ሬዲዮው ዝም አለ፤ ሕጉ ግን እንደጸና ቀረ።

እማማ ጦይባ ያልሞከሩት የለም። ግልገል በለስ ድረስ ሄደው ጠይቀዋል፤ ቡለን ገበያ ላይ ቆመው በስሙ አስጠርተዋል። የሚያውቀው ጠፋ። መሞቱን ልባቸው ካወቀው ቆይቷል። አሁን ደግሞ ያው ልባቸው ራሱ ደክሟል፤ ሐኪም እረፍት ያድርጉ ብሏቸዋል። ሐኪም ለሽማግሌና ለአሮጊት እረፍት ሲያዝ ምን ማለቱ እንደሆነ እሳቸው አሳምረው ያውቃሉ። እቤትዎ ቁጭ ብለው ቢያለቅሱለትስ አልኳቸው፤ ጥያቄዬ ለራሴም ቀለለብኝ። ብቻቸውን ያለቀሱትማ ማን ቆጥሮት አሉ። ቀጥለው እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ እኔ ስሞት ቅሬው ያለቅስልኛል። ሰይድን ግን ከኔ ሌላ የሚያውቀው የለም። ድንኳን ሳላስተክልለት ከሄድኩ፣ ወንድሜ እንደ ባዳ ሳይለቀስለት ቀረ ማለት ነው።»

እኔ ወሬ የማያልቅብኝ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ግን ሬዲዮውን አሳዩኝ ብቻ አልኩ።

ሬዲዮው ወጣ። ሙሳና አንድ ጎረቤት ለሁለት ተሸክመው ከማንጎው ጥላ ሥር አስቀመጡት፤ ጨርቁ ተገለጠ። ገና ሳየው እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ግራጫ ቀለሙን ዝገት በልቶታል፤ ስምና ቁጥሩ የተጻፈበት ቁራጭ ቆርቆሮ ተነቅሏል። መታወቂያ የለውም ማለት ነው። መታወቂያ የሌለው ሰው ካነጋገሩት ይታወቃል፤ ዕቃም ከዳሰሱት ይታወቃል። ዙሪያውን ዞርኩት። ድምፅ ማውጫ ፈለግኩ፣ የለም። አንቴና የሚሰካበት ወይም ማይክሮፎን የሚገባበት ቀዳዳ ፈለግኩ፣ እሱም የለም። ያለው ቮልት የሚያሳይ መርፌ፣ ቀይ መብራት፣ ከኋላ ፊውዝ፣ ከፊት አንድ ቀይና አንድ ጥቁር ወፍራም ብሎን ነው። ከፍ ላደርገው ስል ክብደቱ በሙሉ ወደ አንድ ጥግ አዘነበለብኝ፤ ትራንስፎርመሩ የተቀመጠው እዚያ ነው። ከዚህ በኋላ ምስክር አያስፈልግም። ያ ሰው ሁሉ ሬዲዮ እያለ ሲጠብቀው የኖረው ሣጥን ያ የኔ ወዳጅ፣ ፓወር ሰፕላዩ ነበር።

ብልህ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ አፉን ይይዛል። አስተማሪ ዝም ማለትን የት ተምሮ? ለተሰበሰበው ሰው ሙሉ ትምህርት ሰጠሁ። ይሄ ሬዲዮ አይደለም አልኩ። ስም ይጠራ የነበረው በላዩ ላይ የሚቀመጠው ትንሹ ዕቃ ነው፣ እሱን የቢሮው ሰዎች ይዘውት ሄደዋል አልኩ። ይሄኛው ቀላቢው ነው፤ አፍ የለውም፣ ኖሮትም አያውቅም አልኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ ምሳሌ ሁሉ ጨመርኩበት።

የቅሬው ዳኛ አያ ይመር ከዘራቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ የሚቀየሙኝ ያልኳችሁ እሳቸው ናቸው። ሲናገሩ አይቸኩሉም። አንዴ ከወሰኑ ደግሞ እሳቸውን ከማስለወጥ የዳቡስን ወንዝ ሽቅብ ማስፈሰስ ይቀላል። በትሕትና አመሰገኑኝና ፍርድ ሰጡ። ሕጉ ሬዲዮው ይናገር ይላል፤ ይሄ ሬዲዮ ካልሆነ እንግዲህ ዋናው እስኪገኝ እንጠብቃለን አሉ። ሽማግሎቹ ተያይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። እማማ ጦይባ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ላሰባስበው ብል የት አገኘዋለሁ?

ባጃጁ ጋ ስደርስ እማማ ጦይባ ከኋላዬ መጡ። ልሸነግላቸው ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ። ስም የሚጠራው ትንሹ እንደነበረ እሳቸውም ያውቃሉ፤ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ያዳመጡት እሳቸው ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም። ግን ስም ከመጠራቱ በፊት የሚመጣው ያ ማጉረምረም ነበር። እሱን ሲሰሙ መሬት ላይ ቁጭ ይሉ ነበር፤ ሌላውም ሰው እንደዚያው። «አንተ ብቻ እንዲያጉረመርም አድርገው» አሉኝ። «አያ ይመር እሱን ሰምቶ እንቢ አይልም።»

ሣጥኑን ጭኜ አሶሳ ተመለስኩ። ከዚህ በኋላ ያለው ደስታ የኔና የኔ ብቻ ነው፤ ቢሆንም ትሰሙታላችሁ። ክዳኑን ስከፍተው ተርብ በጭቃ ቤት ሠርቶበታል፤ አይጥ ደግሞ ከድንኳኑ ሸራ ቦጭቃ አልጋ አንጥፋበታለች። በፊውዙ ቦታ ሚስማር ገብቷል። ይህን ማን እንዳደረገው አልጠየቅኩም፤ በአገራችን ፊውዝ ሲቃጠል ሚስማር የማያስገባ ወንድ ብርቅ ነው። መብራት የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች አብጠው ውስጣቸው ፈሷል፤ አውጥቼ በአዲስ ተካኋቸው። የዛጉትን ጫፎች በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኩ፤ አሮጌውን ስታኞ አቅልጬ በአዲስ በየድኩ፤ መብራቱን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉትን ዳዮዶች አንድ በአንድ በቴስተር ለካሁ። ትራንስፎርመሩ ግን ደህና ነበር። እንዴት ያለ ብረት ነው ጃል! ከሰፋሪው ጋር መጥቶ፣ ከሰፋሪው ጋር አርጅቶ፣ ጥቅልሉ አንድ ቦታ እንኳ አልተበጠሰም።

አሮጌ ዕቃ ደግሞ ብድግ ተብሎ ሶኬት ላይ አይሰካም። ረጅም ጾም የጾመ ሰው መጀመሪያ ጮማ አይቀርብለትም። በመስመሩ መሀል አምፖል ታስገባለህ። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከቀረ ውስጥ የተነካካ ነገር አለ፣ ቶሎ ንቀል። ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ እፎይ በል። የኔው ብልጭ ብሎ ደበዘዘ፤ ቀዩ መብራት በራ፤ መርፌው ተንቀጥቅጦ ቦታውን ያዘ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ትራንስፎርመር ውስጡ እንደ ቅጠል የተደራረበ ስስ ብረት ነው፤ የሚያስሩት ብሎኖች ሲላሉ ብረቱ ይርገበገባል፣ ይጮሃል። ብሎኖቹን ግጥም አድርጌ አሰርኩ፤ ክፍተት ባለበት ሁሉ ሽብልቅ አስገባሁ። ከዚያ ስሰካው የትንኝ ድምፅ እንኳ አይሰማም። የጎበዝ ጥገና ምልክቱ ዝምታ ነው፤ ተማሪዎቼን እንዲህ ነው የማስተምረው። ዝም አይነቅዝም አይደል የሚባለው?

ነገሩ ገባችሁ? እኔ ግን አልገባኝም ነበር።

ጁምዓ ከተሰገደ በኋላ መንደሩ በሙሉ ሙሳ ግቢ ተሰበሰበ። አግዳሚ ወንበሮች ተደረደሩ፣ የተጠቀለለው ድንኳን ዳር ላይ ተቀመጠ፣ እማማ ጦይባ ጥቁር ለብሰው መጡ። ሣጥኑ ሥራ እንዳይፈታ ብዬ የመኪና የፊት መብራት አምፖል አሰርኩበት። ስፒናውን ስሰካ መብራት የለም። መጥፋቱን ያየ ሰው እንኳ የለም፤ እንዲሁ ሄዷል። እኔ አፍሬ ላቤን ስጠርግ አንድም ሰው አላጉረመረመም። መጠበቅን ከነሱ የበለጠ የሚያውቅ ማን አለ?

መብራት መጣ። ቀዩ በራ፣ መርፌው ተነሳ፣ የመኪናው አምፖል ግቢውን በቀን አደመቀው። ደረቴን ነፍቼ ዞር ብዬ አየኋቸው። እነሱ አንገታቸውን ወደ ሣጥኑ አስግገው ያዳምጣሉ። ምንም የለም። ከማንጎው ላይ ወፍ ትጮሃለች፣ እሱ ነው የሚሰማው። አያ ይመር ብዙ ከጠበቁ በኋላ «አልተናገረም» አሉ። እኔም ዝምታው የጤንነት ምልክት መሆኑን ማስረዳት ጀመርኩ። እማማ ጦይባን ሳይ ግን ተውኩት፤ ተነስተው ሊሄዱ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ነበር። ሙሳ ጆሮዬ ሥር ጠጋ አለና «መምህር፣ በጣም አዳንከው፣ ድምፁ ሞተ» አለኝ። ሐኪም ቢሆን ኖሮ ይህን ቃል ሰምቶ ሙያውን ይተው ነበር።

እስቲ ፍረዱኝ። ዕቃ መጠገን ማለት ወደ ነበረበት መመለስ ነው፤ ይሄ ዕቃ ደግሞ ያጉረመርም ነበር። ማጉረምረሙን በሽታ ነው ያልኩት እኔ ነኝ፤ ባለቤቶቹ አላሉም። ስፒናውን ነቀልኩ፣ ክዳኑን ከፈትኩ፣ በገዛ ካቻቢቴዬ ያስገባሁትን ሽብልቅ አወጣሁ፣ ያጠበቅኩትን ብሎን አላላሁ። ተማሪዬ እንዲህ ሲያደርግ ባገኘው ዜሮ ነበር የምሰጠው። መልሼ ስሰካው እምም አለ፤ ቀጭን ድምፅ። እማማ ጦይባ ከተነሱበት መለስ ብለው ወፈር ያለ ነበር አሉ። ደግሜ አላላሁ። አንዱ ሽማግሌ በዛ አለ፣ ሌላው የለም ትንሽ ይቀረዋል አለ። ስነቅል ስሰካ፣ ሳጠብቅ ሳላላ፣ ድንገት ሁሉም በአንድ ጊዜ ዝም አሉ።

እሱ ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ ከፊታቸው አየሁት። ሰዎቹ አንድ በአንድ ከአግዳሚው ተነሱና ከሙሳ ቤት ግድግዳ ሥር፣ መሬት ላይ፣ ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀመጡ። ሽማግሎቹ እንደ ወጣትነታቸው ጊዜ ተጠጋግተው ያዳምጣሉ። ቆመን የቀረነው እኔ፣ ሙሳና አያ ይመር ነን። ካቻቢቴዬን ወደ ቦርሳዬ መለስኩ።

አያ ይመር ከዘራቸውን ወደ ሣጥኑ ቀስረው «መምህር፣ ባለሙያው አንተ ነህ» አሉኝ። «ተናገረ ወይስ አልተናገረም?»

አፍ የለውም ብዬ በዚያው ግቢ፣ በዚያው ሰው ፊት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። መማር ምን ያደርጋል? እማማ ጦይባ መሬት ላይ ሆነው ሽቅብ ያዩኛል። «ተናግሯል» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም መሰለኝ፣ ደገምኩት።

አያ ይመር ወደ ድንኳኑ ጠቆሙ። ወጣቶች ተነስተው ተከሉት፤ ጊዜም አልፈጀ። እማማ ጦይባ እመሀሉ ገቡና «ሰይዴ፣ ወንድሜ» ብለው ጮኹ። መንደሩ በሙሉ ተከትሏቸው ገባ። አብዛኛው ሰይድን አይቶት አያውቅም፤ የሚያለቅሰው ግን ከልቡ ነው። እንዲያ ያለ ለቅሶ ከዚያ በፊት አልሰማሁም፣ ወደፊትም መስማት አልፈልግም።

ሣጥኑ እየሞቀ መጣና እንዳይቃጠል ሰጋሁ። የላላ ብሎን ይዞ ብዙ መሥራት የለበትም። ጎንበስ ብዬ ስፒናውን ልነቅል ስል ከዘራ ከእጄ ፊት ተደቀነ። አያ ይመር ናቸው፤ ወደ ድንኳኑ አልገቡም ነበር።

«አታጥፋው» አሉኝ። «ከወሎ የተጫንን ዕለት ከመኪናው ላይ የተለየችኝ ልጅ ነበረችኝ፣ መዲና። በሩቅ ለቀረ ሰው ድንኳን አንዴ ከተተከለ እሷም ሞተች ማለት ነው ብዬ ነው ሕጉን ይዤ የኖርኩት።»

ከዚያ ከዘራቸውን አስቀምጠው ከሣጥኑ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«የእቴ ጦይባ ለቅሶ ይለቅ» አሉ። «ከሷ ቀጥሎ ወረፋው የኔ ነው።»